ኡቡንቱንና ሚንትን ለማስታረቅ የተደረገ ታላቅ ጥረት

የደሴው መሥሪያ ቤታችን በታሪኩ አንድም ነገር ራሱ መርጦ አያውቅም፤ ተመርጦ ከላይ ይመጣለት ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተራችንን ቫይረስ የጨረሰው ዕለት፣ ኃላፊያችን አቶ ወንድምአገኘሁ «ከእንግዲህ በነፃ የሚጫን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በራሳችን እንመርጣለን» ብለው ሲያውጁ በጭብጨባ ተቀበልናቸው። በኮምፒውተሩ የምትሠራው ሀናን ናት። አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ስትሆን የሙከራ ጊዜዋ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ በኮምፒውተር ሠርታ ካላሳየች ትሰናበታለች።

«ከነፃዎቹ ሲስተሞች ለጀማሪ የሚመከሩት ኡቡንቱና ሚንት ናቸው» አለች ሀናን። «ያገኛችሁትን ጫኑልኝ፤ እለምደዋለሁ።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው።

«ሚንት ከኡቡንቱ ወጥቶ የራሱን መንገድ የያዘ ነው።»

«ወጥቶ? ተጣልተው ነዋ!»

እዚህ ላይ የኃላፊያችንን አርቆ አሳቢነት ሳላደንቅ አላልፍም። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ጭኖ ያርፍ ነበር። እሳቸው ግን የወሎ ሰው ናቸው፤ በተጣሉ መካከል ገብቶ ለአንዱ ማድላት ነውር መሆኑን ያውቃሉ። በመሆኑም «የሲስተሞቹን አለመግባባት በባህላዊ እርቅ የመፍታት አቅጣጫ» ተቀመጠ። ኮሚቴ ተዋቀረ። ኮሚቴውም አስታራቂ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ሽማግሌው ሀጂ ሙንዚር እስኪመቻቸው ደጅ ጠና። ሀናን የጠፋ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ወሩን ፈጀችው። አንጀቴን በላችኝ፤ ግን እርቅ አይቸኮልበትም።

ሀጂ ሙንዚር የደረሱት በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው።

«ተበዳዩ የታለ?»

«አልመጣም፣ ሀጂ። ሩቅ ነው ያለው» አሉ አቶ ወንድምአገኘሁ።

«ከሳሽስ?»

«የለም።»

«ወላሂ፣ ከሳሽ የሌለው እርቅ አይቼ አላውቅ! እዚህ ቤት ከፍቷት የማያት ይቺን ልጅ ነው። አንዱን ስጧትና ትሥራበት። አብሽሪ የኔ ልጅ።»

የሽማግሌ ቃል አይጣልም። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ሚንት ተጫነ፤ «ለጀማሪ እጅግ ተስማሚ» መሆኑም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከወንበራችን ሳንነሳ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ገባን፤ ሀናን በሙከራ ጊዜዋ ኮምፒውተር ነክታ ስላልታየች እንድትሰናበት ተወሰነ።

«ኮምፒውተሩ እኮ ገና አሁን መሥራት መጀመሩ ነው!» አለች።

«ቢሆንም ሠርተሽ አላሳየሽም» አሉ ኃላፊው፣ በሐዘኔታ።

ኮምፒውተሩ አሁን አቧራ እንዳይነካው ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ማስታወቂያም በራችን ላይ ተለጥፏል፦ «ለጀማሪዎች በመረጥነው ሲስተም የምትሠራ ጸሐፊ እንፈልጋለን። የሥራ ልምድ፦ በዚሁ ሲስተም አምስት ዓመት።»