መቶ አልሞላም ያለው ጋን

ተፈጥሮ ሰነፍ መሆኗ በስብሰባ ተረጋግጦ በጭብጨባ የጸደቀው በአንድ የሽታ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ተፈጥሮን ዕድሜ ልካቸውን አጥንተዋል። ነገር ግን አንዳቸውም ሥራ አስኪያጅ ስላልነበሩ ስንፍናዋን ሊያዩት አልቻሉም።

ፋብሪካው የሚያመርተው የሙዝ ሽታ ነው። ሙዝ ራሱ በግቢው ውስጥ ታይቶ አያውቅም። የኮምጣጤ አሲድና አንድ ዓይነት አልኮል በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይገባሉ፤ አፋጣኝ የሚባል ጠንካራ አሲድ ጠብ ይደረግባቸውና ይሞቃሉ። ከዚያ ሁለቱ ይዋሃዱና የሙዝ ሽታና ውሃ ይሆናሉ። ሽታው ለከረሜላ ሠሪዎች ይሸጣል። ከረሜላውን የሚልሱ ልጆች ሙዝ የበሉ ይመስላቸዋል፤ በዚህ እስካሁን የተጎዳ የለም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጡት ከሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ይሠሩት የነበረው ሥራ ምን እንደሆነ ባይታወቅም መቶ በመቶ መጠናቀቁ ግን ይታወቃል። ሠራተኛው በሌሉበት «መቶ በመቶ» ይላቸዋል። እሳቸውም ሰምተውታል፤ የቆጠሩት እንደ ሽልማት ነው።

በመጡ በሳምንታቸው ጋኑን ጎበኙ። የጋኑን ይዘት በየቀኑ የምትለካው ወጣቷ ኬሚስት ነበረች። ይህች ልጅ ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ወጥታ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። ጊዜው በሰላም ካለፈ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካላለፈ በእናቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ የጎረቤት ልጆች ሥራ እንዴት እንዳገኙ በየቀኑ ከእናቷ ትሰማለች። ዩኒቨርሲቲው ብዙ ነገር አስተምሯታል፤ ትዕግሥት የሚባለው ትምህርት ግን በእሷ ጊዜ አልተሰጠም።

ሥራ አስኪያጁ ምን ያህሉ ሽታ እንደሆነ ጠየቋት። ሁለት ሦስተኛው፣ አለች። ቀሪው መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ። አይደርስም፣ አለች።

«ቆሟል ማለት ነው?»

«አልቆመም ጋሼ። ወደፊትም ይሄዳል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። አሲዱና አልኮሉ ሽታ ይሆናሉ፤ የሆነው ሽታ ደግሞ ከውሃው ጋር ሆኖ ተመልሶ ይፈርሳል። መሥራቱና መፍረሱ እኩል ሲፈጥኑ የቆመ ይመስላል። ሚዛን ላይ ደረሰ ይባላል።»

«ወደ ኋላ እንዲመለስ ማን ፈቀደለት?»

ኬሚስቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛውም ፈተና ላይ ገጥሟት አያውቅም።

በማግስቱ «ያላለቀ ሥራ ከጋን አይወጣም» የሚል መመሪያ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ፋብሪካው የደረሰውን ሽታ ከውሃውና ከአሲዱ ለይቶ ይሸጥ፣ የተረፈውን ደግሞ መልሶ ከአዲስ ጋር ይጨምር ነበር። ይህ አሠራር በከፊል ውጤት የመርካት አመለካከት መሆኑ ተደርሶበት ቀረ። የጋኑ ክዳን መቶ እስኪሞላ እንዳይከፈት በሰም ታሸገ፤ በሰሙም ላይ ማኅተም ተመታ። ለኬሚስቷ ለልኬት የሚሆን ጠብታ የምትወስድበት ትንሽ ቧንቧ ብቻ ተተወላት።

ከዚያ ጋኑን የማብቃት ሥራ ተጀመረ። ሥራውን የሚመራው የክትትል ኃላፊው ነው። የሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም ይሁን እንጂ ቦታውን ያገኘው በውድድር ነው፤ ተወዳዳሪው እሱ ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ለሠራተኛው ሁሉ ሥልጠና ተሰጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ፤ አሲድና አልኮልም ቢያብሩ የማይደርሱበት እንደሌለ የጋራ መግባባት ላይ ተደረሰ። በሥልጠናው ላይ ያልተገኘው ጋኑ ብቻ ስለነበር፣ መልእክቱ እንዲደርሰው «ወደፊት ብቻ» የሚል ጨርቅ ሊለጠፍበት ተወሰነ። ጋኑ ክብ ነው። ወደፊት የሚባለው በየት በኩል እንደሆነ ለመወሰን ንዑስ ኮሚቴ አስፈለገ፤ ንዑስ ኮሚቴውም ጋኑን ሲዞር ዋለ።

በዚያው ሥልጠና ላይ ኬሚስቷ ስለ ሙቀትና ጉልበት አጭር ማብራሪያ እንድትሰጥ ታዝዛ ነበር። ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፣ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም፣ አለች። ሥራ አስኪያጁ በጥሞና አዳመጡ። በሳምንቱ የምሳ እረፍት በግማሽ ተቀነሰ፤ የማይጠፋን ነገር ለመተካት ያን ያህል ሰዓት ማኘክ ብክነት ሆኖ ስለተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬሚስቷ ወደ ምግብ አዳራሹ ስትገባ ወንበሮች ሁሉ የተያዙ ሆኑ።

ሁለተኛው እርምጃ እሳት መጨመር ነበር። ኬሚስቷ እሳቱ ቢጨመር ያው ቦታ ላይ ፈጥኖ ይደርሳል እንጂ ቦታውን አያልፍም ብላ አስጠነቀቀች። ሥራ አስኪያጁ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሏት። እንቁላሉ ቢሄድም በር ላይ ይቆማል፣ ስትል መለሰች፤ ይህ አመላለስ በቃለ ጉባኤ ተያዘባት። እሳቱ ተጨመረ። ጋኑም ያው ሁለት ሦስተኛው ላይ ፈጥኖ ደረሰ።

«አፋጣኙ አሲድ ይጨመራ» አለ የክትትል ኃላፊው። «አፋጣኝ ከተባለ ያፋጥናላ።»

«ሁለቱንም ነው የሚያፋጥነው» አለችው ኬሚስቷ። «መሄዱንም መመለሱንም።»

«መሄዱን ብቻ እንዲያፋጥን ይነገረዋ።»

«ማን ይንገረው?»

«ኬሚስቷ አንቺ ነሽ እንጂ እኔ ነኝ?»

በዚህ መሃል ደንበኛዋ መጣች። ሠራተኛው «እትዬ ከረሜላ» የሚላት ሴትዮ የከረሜላ ፋብሪካ አላት፤ የሙዝ ሽታ ካጣች ግን ያላት የስኳር ፋብሪካ ብቻ ነው። ማሽኖቿ መቆማቸውን ተናገረች፤ ያለውን ለይተው እንዲሰጧት ለመነች። ሥራ አስኪያጁ ያላለቀ ሥራ መሸጥ ለደንበኛ ያላቸውን ክብር እንደሚነካ አስረዷት። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም ጨርሰውት እንደማያውቁ፣ እሷ ግን ያንኑ ያልተጨረሰ እየገዛች ልጆቿን ዳር ማድረሷን ነገረቻቸው። አልሰሟትም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካላገኘች ሌላ ሻጭ ጋ እንደምትሄድ ነግራቸው ወጣች። በጋኑ በኩል ስታልፍ ጨርቁን አንብባ «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» አለች። የክትትል ኃላፊው ደንበኛዋ ስለ ጋኑ በጎ አስተያየት መስጠቷን መዘገበ።

ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ ኬሚስቷን አስጠሩ። ለሐሙሱ ስብሰባ መፍትሔ ይዛ እንድትቀርብ፣ ካልሆነ ግን ቋሚነቷን እንድትረሳው በአባትነት መከሯት።

እናቷ የሰማችው ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ እያጠፈች ነው። ሰውየው መቶ ካሉ መቶ ነው ብትያቸው ምን ይጎድልብሻል፣ አለቻት፤ እሷም የልጅቷን አባት ይህን ሁሉ ዘመን የያዘችው እንዲሁ መሆኑን ጨመረች።

«እማዬ፣ ልኬት እኮ ነው። በይሉኝታ አይጨምርም።»

«ልኬት ቋሚ አያደርግሽም፣ ልጄ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ሐሙስ ዕለት «ጋኑን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ችግር ከሥሩ የሚመረምር ኮሚቴ» ተሰበሰበ። ኬሚስቷ ተነሥታ መፍትሔው ቀላል ነው አለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ቀላል የሚባል ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነበርና ብዙዎች ቅር አላቸው።

«ክዳኑ ይከፈት፤ ውሃው ይውጣ» አለች። «ሽታውን መልሶ የሚያፈርሰው ውሃው ነው። እሱን ስናወጣ ውህደቱ የጎደለውን ለመሙላት ወደፊት ይሄዳል። ባወጣን ቁጥር ይሄዳል።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወደ ኋላ የሚጎትተው ከውስጥ ሲወጣ ሌላው በራሱ ወደፊት ይሄዳል ነው የምትይው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የተረጋገጠ ነው?»

«ዓለም ያወቀው ነው። የትም ቦታ ይሠራል።»

«የትም?»

«የትም» አለች ኬሚስቷ። የኬሚካል ሚዛንን እንጂ የስብሰባን ጠባይ አላጠናችም።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጧት። ቤቷ ስትገባ ነገሩ እንዳለቀ ለእናቷ ነገረቻት፤ በዚህ እንኳ አልተሳሳተችም።

ጠዋት የክትትል ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረበትም።

«እህቴ፣ ሐሳብሽ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

«ክዳኑ ተከፈተ?»

«ኧረ ክዳኑ እንዳለ ነው። ውሃውም ያላለቀ ሥራ አካል ስለሆነ ከጋን ማውጣት መመሪያ ይጥሳል። ኮሚቴው ግን ወደ ኋላ የሚጎትተን ምንድን ነው ብሎ ሲፈትሽ፣ በየስብሰባው አይደርስም፣ አያልፍም፣ አይሆንም የሚል ሰው አገኘ።»

«ማንን?»

«አንቺን ነዋ» አለና ዕቃዋን የያዘውን ካርቶን አቀበላት። እስከ ታክሲው ድረስም ሊሸኛት ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀደችም።

ሳይንስ እንደማይዋሽ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ኬሚስቷ በወጣች ዕለት ጋኑ ወደ ኋላ መመለሱን አቆመ። ከእሷ በቀር የሚለካ ሰው ስላልነበረ ሁለት ሦስተኛ የሚባለው ነገር እንደገና አልተገኘም። ተቃራኒ ማስረጃ ባለመቅረቡም ጋኑ መቶ መሙላቱ ተረጋገጠ። ሪባን ተቆረጠ፤ ሰሙ ተሰበረ። መቶ በመቶ ያለቀን ሥራ መለየት ጥርጣሬ ስለሚመስል፣ በጋኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ውሃው፣ አሲዱ፣ አልኮሉ፣ ሽታው፣ በአንድነት ወደ በርሜል ተገልብጦ ለእትዬ ከረሜላ ተላከ።

ሴትዮዋ አንዱን በርሜል ከፈተች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኮምጣጤ ውስጥ የሰጠመ ሙዝ ነው የሸተታት። ወደ ሥራ አስኪያጁ ግን አልደወለችም፤ ሌላ ሥልጠና እንዳይሰጡባት ፈራች። ኬሚስቷ መባረሯን ሰምታ ነበርና የደወለችው ለእሷ ነው። ልጅቷ ስልኩን ያነሣችው ከእናቷ ሶፋ ላይ ሆና ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ከዚያ ለይተሽ ታወጪልኛለሽ?»

«አወጣለሁ። ከተለየ በኋላ ግን በርሜል ሙሉ ሽታ አይገኝም። አስቀድሜ ልንገርሽ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መቼ ትመጫለሽ?»

«ቋሚ ነኝ?»

«ይሄ ሁሉ በርሜል ሳያልቅ ሌላ እየላኩልኝ ነው» አለች እትዬ ከረሜላ። «እነሱ እስካሉ ቋሚ ነሽ።»

በወሩ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ለበላይ አካል ባቀረቡት ሪፖርት፣ ፋብሪካው በአንድ ጊዜ ሁለት ምርት ማውጣቱን በኩራት ገለጹ፤ አንደኛው መቶ በመቶ የተጠናቀቀ የሙዝ ሽታ፣ ሁለተኛዋ ለከረሜላው ዘርፍ የተበረከተች አንዲት የሠለጠነች ባለሙያ። አዳራሹ ለሁለቱም እኩል አጨበጨበ። ከሁለቱ ያለ ውሃ የወጣችው ሁለተኛዋ ብቻ መሆኗን ግን የለካ አልነበረም።