የዳማ ድርሻ

ቴፒ ውስጥ ለውሻ ምን ያህል ይሰጣል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ የተረፈውን። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በዚሁ ኖሬያለሁ። ካልተረፈስ? ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ዳማ ውሻችን ነው። ጥቅምት ላይ ላስከትበው ስወስደው የእንስሳት ሐኪሙ፣ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፣ የውሻ ምግብ በክብደቱ ነው የሚለካው አለኝ። "ታቅፈውት ሚዛኑ ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ ብቻዎን ይቁሙ። ልዩነቱ የሱ ነው።" ሁለታችን ሰባ ኪሎ ሆንን። እኔ ሃምሳ አራት፣ እሱ አሥራ ስድስት። በቀን ምን ያህል እንደምሰጠውም ነገረኝ። ቤት ስደርስ ሰባዋን ብቻ ይዤ ሌላውን ረሳሁት። ተለክቶለት የሚበላ ውሻ የት አይቼ?

ከዚያ የገና ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቁታላችሁ። ጎደሬው፣ ሽሮው፣ ተልባው ይቀርባል፤ ትሪው ተጠርጎ ይነሳል። ዳማ በር ላይ ተቀምጦ ያየናል። "ጾም ነው እኮ" እለዋለሁ፣ የሚገባው ይመስል።

አንድ ቀን ፍየል ገብታ ደጅ የተሰጣውን ቡና ስትበታትን፣ ዳማ ቀና ብሎ አያትና መልሶ ተኛ። የዓመት ጉርሳችን እኮ ነው! ልቆጣው ስነሳ ጎረቤቴ ዘይነባ ባጥሩ በኩል አየችኝ።

"እትዬ አስካለ፣ ውሻ በበላበት ነው የሚጮኸው። ይሄ የት በልቶ ይጩህ? በዚህ አያያዝሽ ለገና አይደርስልሽም።"

ተቀየምኳት። ግን ፈራሁ። ጎኑን ስዳብሰው አጥንቱ እጄ ላይ መጣ። እንዲያም ሆኖ በሰው ፊት መረታት ከበደኝና፣ በሚዛን ይለይልን ብዬ ወደ ቡና መጋዘኑ ይዤው ሄድኩ። ዘይነባም ተከተለችኝ።

ታቅፌው ቆምኩ። ሰባ።

"አየሽ? አንድ ኪሎ አልጎደለም" አልኳት። ፈጣሪዬንም በልቤ አመሰገንኩ።

"አስቀምጪውና ብቻሽን ቁሚ እስቲ።"

ቆምኩ። ሃምሳ ሰባት።

ዘይነባ አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲያ ከሁለታችሁ የጾመው እሱ ነው" አለች።

ከጾም የሚቀረው ለተራበ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። የተራበ ሲባል መንገድ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ነበር የሚታየኝ። ደጄ ላይ የተቀመጠው አልታየኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት የዳማን ድርሻ አነሳለሁ። ልኩን ከሐኪሙ ሄጄ እንደገና ጠየቅሁ፤ አላፈርኩም ማለት አልችልም።

የንስሐ አባቴ ቤታችን የመጡ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው የቀረበላቸውን ዳቦ እኩሌታ ቆረሱና ኪሳቸው ከተቱት።

"እኔም ቤት አንድ አለ" አሉ ቀስ ብለው።