ጋሽ አታሞላቅቁት እና የመስኮቱ ችግኞች

አንድ «አታሞላቅቁት» ባይ የሌለበት ዘመድ የለም። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ «ተዉት፣ ራሱ ይነሳ» የሚል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ላይ በር ከፍቶ የሚያናፍስ። ለዚህች ምራት የደረሷት ደግሞ የባሏ አባት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲበይዱ ኖረው በጡረታ ፊታቸውን ወደ ቲማቲም ያዞሩ፣ ክቡር ጋሽ አታሞላቅቁት።

ቤቱ ፀሐይ የሚያገኘው በአንድ በመኝታ ቤቱ መስኮት ብቻ ነው። እሱንም የያዙት በእርጎ ኩባያ የተዘሩት የክቡርነታቸው ችግኞች ናቸው። አፈሩ ካልደረቀ ውሃ የለም፤ ያውም ከሥር፣ ከሳህን እየሳቡ ነው የሚጠጡት። ወደ ብርሃን እንዳይጣመሙ ኩባያው ይዞራል። ጠዋትና ማታ ደግሞ ሽማግሌው መዳፋቸውን በችግኞቹ አናት ላይ እያሳለፉ ጎንበስ ቀና ያሰኟቸዋል። «ያልተነካካ ግንድ ክር ነው» ይላሉ። «ደጅ ሲወጣ ወገቡ ቅንጥስ።»

«አባባ፣ የሚያሳድጉት ቲማቲም ነው ወታደር?» ትላለች ምራቲቱ።

«ወታደርማ ቀለብ ይጨመርልኝ ይላል።»

ይህ ሁሉ ያስቅ የነበረው ደም ግፊት ሚስታቸውን እስኪጥላቸው ድረስ ነው። ግራ ጎናቸው ከዳቸው። እጃቸው በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ ደርቆ ይቀራል አለ ሐኪሙ። ምራቲቱ ታሻለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ አንሶላ ትለውጣለች። ክቡርነታቸው ከመስኮቱ ሥር አይነቀሉም። ጭራሽ አንድ ቀን አልጋውን እየገፉ ወደዚያው አስጠጉት፤ መስኮቱንም ገርበብ አደረጉት።

«በዚህ ብርድ?»

«አታሞላቅቂያት።»

ቆሽቷ አረረ። ሰው እየከሳ ቲማቲም የሚወፍርበት ቤት!

ትናንት ከወትሮው ቀድማ ከገበያ ስትመለስ የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚስታቸውን ግራ እጅ ከክርኑ ደግፈው ይዘዋል። ጣቶቹን ዘርግተው በችግኞቹ አናት ላይ ያመላልሱታል።

«እስቲ አንቺ ቅጫቸው፣ የኔ እመቤት። እኔንማ ለመዱኝ፤ መፍራት ትተዋል።»

አሮጊቷ በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ክንዱን ቀስ ብለው ለቀቁት። እጁ ኩባያዎቹ መሃል አረፈ። አንድ ቅጠል ተነቃነቀ።

«አየሽ?» አሉ ምራታቸውን፣ ዓይናቸውን ከቅጠሉ ሳይነቅሉ። «ራሷ ነካችው። አየሽ አይደል?»

ምራቲቱ የገርበቡን መስኮት መጋረጃም አይታለች፤ እሱም ይነቃነቃል። እጁ ባረፈበት ነው።

«አየሁ እንጂ፣ አባባ» አለች፤ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ኩባያዎቹን ይበልጥ ወደ ጣቶቹ አስጠጋቻቸው።