ለኤሌክትሮኖች የተደረገ ምሕረት

የተቋማችን ዋና ዳይሬክተር ለሳይንስ ያላቸው ፍቅር ወሰን የለውም። ስለ ሳይንስ አንዳች ሳያውቁ እንዲህ መውደዳቸው ፍቅራቸው ከጥቅም የጸዳ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው።

ያን ሰሞን አንዲት ተመራማሪ፣ ዓመት ሙሉ ደክማ ያሳደገችውን ጥፍር የምታህል የጨው ክሪስታል ብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ አስቀምጣ ሰማያዊ ብርሃን ታበራባት ነበር። ብርሃኑ ሲያርፍባት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀሉና በክሪስታሏ ጉድለቶች ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። የተያዙት ደግሞ፣ ቀድሞ እንደ ልቡ ያልፍ የነበረውን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጡታል። ምን ያህል እንደሚውጡ መለካት ብቻ ነበር የቀራት።

ልክ ልትጀምር ስትል አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ለጉብኝት መጡ። ዳይሬክተሩ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊውና ፎቶ አንሺው ግር ብለው ተከትለዋቸው ገቡ።

«እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አሉ እንግዳው ወደ ማቀዝቀዣው እየጠቆሙ።

«ኤሌክትሮኖች ናቸው። ታስረዋል» አለች ተመራማሪዋ።

እንግዳው ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። «ታስረዋል? ብዙ ናቸው?»

«ኧረ ተቆጥረው አያልቁም!»

ዳይሬክተሩን ላብ አጠመቃቸው። «ክቡርነትዎ፣ ያለ እኔ ዕውቀት የተደረገ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ቤት በእርሳቸው ዕውቀት የተደረገ ነገር ኖሮ አያውቅም። ወደ ተመራማሪዋ ዞረው፣ «አሁኑኑ ይፈቱ!» ሲሉ አምባረቁ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! የሚፈቱት ክሪስታሏ ስትሞቅ ነው፤ ድንገት ከሞቀች ደግሞ ትሰነጠቃለች። ልኬቴን ልጨርስና...»

«ሰብአዊነት ቀጠሮ አይሰጠውም!»

ይህን ብለው በገዛ እጃቸው የማቀዝቀዣውን ክዳን ከፈቱና የፎቶ አንሺውን ትልቅ መብራት ወደ ውስጥ ደገኑ። ክሪስታሏ ጧ! ብላ ለሁለት ተከፈለች።

«ምንድን ነው የጮኸው?» አሉ እንግዳው ደንግጠው።

«የነጻነት ድምፅ ነው፣ ክቡርነትዎ!»

ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሣ። ተመራማሪዋ ስብርባሪውን በወረንጦ እየለቀመች፣ «ዓመቴን! ዓመቴን በሉት!» አለች። የሕግ ክፍል ኃላፊው ንግግሯን በጥሞና አዳመጡ።

ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሩ የሰብአዊነት ሜዳሊያ ተሸለሙ። መድረክ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «እኔ በምመራው ተቋም፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ፍጡር እንኳ ቢሆን፣ ያለ ፍርድ አይታሰርም!» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው።

ተመራማሪዋ ይህን ታሪካዊ ንግግር ለመስማት አልታደለችም። ኤሌክትሮኖቹን በማን ፈቃድ እንዳሰረች እስኪጣራ ድረስ ታስራ ነበር።