የጨረቃው ሰውዬ ፊርማና የእድራችን ማህተም

እኛ ሀበሾች ሰው አናምንም፤ የምናምነው ማህተም ነው። አገር ቤት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ፣ በገዛ አፌ እየተናገርኩ፣ በሕይወት መኖሬን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ ተብያለሁ። አመጣሁ። ደብዳቤውን አዩና እኔን ቀና ብለው ሳያዩ በሕይወት እንዳለሁ መዘገቡኝ። አሜሪካ ስመጣ ከዚህ በሽታ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ሞኝነቴ!

ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ታክሲ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ሻንጣውን ራሱ የሚጎትት ሽማግሌ ፈረንጅ አሳፍሬ ሴንት ፖል ወሰድኩት። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ፎቶግራፍና እስክሪብቶ የያዙ ሰዎች ተኮልኩለዋል። ሽማግሌው ሲያያቸው ወንበሩ ላይ ዝቅ አለና እባክህ አንድ ጊዜ ዙርልኝ አለኝ። ዞርኩለት። እንደገና ዙር አለኝ። በሦስተኛው፣ ለመሆኑ ምን አጥፍተው ነው ብዬ ጠየቅኩት። ጨረቃ ላይ ወጥቼ ነው አለኝ።

ስሙን ሲነግረኝ መሪው ከእጄ ሊወጣ ነበር። ሰውዬው ጨረቃ ላይ የቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ስለ ጨረቃ ሲጠየቅ የኖረው ግን ዕድሜውን ሙሉ። ከጠያቂዎቹ ግማሾቹ ማወቅ የሚፈልጉት እዚያ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚኬድ ብቻ ነው። ሁሉም እጁን እንጂ ፊቱን አያይም። ድሮ የፊርማ ለማኝ ሲበዛበት መሥሪያ ቤቱ በእሱ ፈንታ የሚፈርም ማሽን እስከመትከል ደርሶ እንደነበር አጫወተኝ። አዘንኩለት። አዝኜለት ሳበቃ እኔም ፊርማ ለመንኩት። ለልጄ ነው አልኩት ደግሞ፤ በልጅ ስም የማይለመን ነገር አለ እንዴ? በታክሲዬ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ሲፈርም፣ የሚኒሶታ ክረምት አስፋልቱ ላይ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና የመጨረሻዋ ፊደል ጭራዋ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ነጎደ።

ሄለን ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ብሩክሊን ሴንተር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ወረቀቱን ይዛ ሄደች፤ ልጆቹ አባትሽ ነው የጻፈው ብለው ሳቁባት። ስትመለስ ዓይን ዓይኔን እያየች «ዳድ፣ ዲድ ዩ ራይት ኢት?» አለችኝ። አመመኝ። እርግጥ ከጅብ ጋር ተፋጥጬ ጅቡ አፍሮ ሄደ ያልኳት እኔው ነኝ። ይሄኛው ግን እውነት ነበር! የያኔው ስልኬ ካሜራ የለው፣ ምን ላሳያት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት እንዲጠራ ግን በርንስቪል ከተማ ድረስ መንዳት ነበረብኝ።

እዚያ የታዋቂ ሰዎችን ፊርማ የሚመረምር ባለሙያ አለ ብለውኝ ነው። ባለሙያው ደረሰኜን ለመንካት ነጭ ጓንት አጠለቀ። የሽማግሌው ፊርማ ያለባቸው ሦስት ፎቶግራፎች አወጣ፤ ሦስቱም ፊርማ ቁርጥ አንድ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያማትር ቆየና የኔው ሐሰተኛ ነው አለ፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጭራው ረዝሟል። ቆይ፣ የትኛው ሰው ነው ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት የሚፈርመው? እኔ ባንክ ቤት ሁለት ጊዜ ስፈርም ሁለተኛው የጎረቤቴን ፊርማ ይመስላል። እነዚህ እኮ ማሽን የፈረማቸው ናቸው አልኩት። ማን ነገረህ አለ። ራሱ። የት? ታክሲዬ ውስጥ። ሊቁ እስኪያስለው ሳቀና ጓንቱን አወለቀ።

ተናድጄ ስኔሊንግ አቨኒው ወዳለችው ምግብ ቤታችን ገባሁ። የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ጥሩነህ እዚያ ነበሩ። አገር ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ምክትላቸውን ስለማያምኑ የእድሩን ማህተም ከነቀለሙ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ነገሩን ሰምተው፣ «ታዲያ ማህተም የሌለው ወረቀት ምኑ ወረቀት ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ሦስት ምስክር ጠሩ። ሦስት ሰዎች ብድግ አሉ፤ ከሳምንት በፊት ታሪኩን ሳወራላቸው ቀጣፊ ብለው የሳቁብኝ እነሱው ናቸው። ሲፈርም አይታችኋል? አላየንም፤ ስለ ጠባዩ ግን እንመሰክራለን። ጋሼ፣ እባክዎ ዳር ላይ ያድርጉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ፊርማውን ያልነካ ማህተም ዋጋ የለውም፣ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው? አሉና ማህተሙን እፍ እፍ ብለው ጧ አደረጉት። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ወረቀቱ ሳምንት ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ማህተሙን ያየ ሁሉ አመነ። ስሜም «የጨረቃው» ሆነ። አንዱ ለጠፈርተኛው ንገርልኝና ወንድሜን ቪዛ ያስመታልኝ ይለኛል፤ ሌላው የሽንት ቤቱን ነገር ጠይቀኸዋል ወይ ይለኛል። ምን አጠፋሁ? አሁን አሁን ስኔሊንግ ስደርስ ደጃፉን አያለሁ፤ ሰው ከበዛ ዞሬ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ወረቀቱን አስመልሼ በኩራት ለሄለን ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አገላብጣ አየችው። መሀሉ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ያሉበት፣ ዙሪያውን የእድሩ ስም የተጻፈበት፣ ቀለም የጠገበ ትልቅ ክብ ማህተም ነው። ከሱ ሥር ብቅ ያለችው ጉድጓዱ ያስረዘማት ያቺ ጭራ ብቻ ናት።

«ዳድ፣ ዌር ኢዝ ዘ ሲግኔቸር?» አለችኝ።

ከሥሩ ነው፣ እመኚኝ አልኳት።