ገለል ያደረግኳቸው ልብስ ሰፊ

ፎቶ አንሺና የሠርግ አስተናጋጅ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በሰው ደስታ መሀል ቆመው ሰው ያመናጭቃሉ። አንተ ቀረብ በል፣ አንቺ ቀና በይ፣ እርስዎ ደግሞ ገለል ይበሉልኝ። ንጉሥ እንኳ እንዲህ አያዝም። እኔ በዚህ ሥልጣን ነገሌ ቦረና ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ማን ሾመህ ብትሉኝ ካሜራው ነው የምላችሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ትቼ ካሜራ ስይዝ ጊዜ "ልጅህ ምን ይሠራል?" ለሚሉት ሁሉ "ጤነኛ ነው" ብቻ ብሎ ይመልስ ነበር።

ነገሌን በአውቶቡስ የሚያልፋት ሰው አቧራና ወታደር ብቻ ያለባት ይመስለዋል። አልፈርድበትም፤ በበዓል አልመጣማ። የወታደር ሚስት ከየአገሯ ይዛ የመጣችውን ሳጥን የምትከፍተው በጥምቀት ነው። የጎንደሩ ጥልፍ፣ የወላይታው ባለ ቀይና ቢጫ መስመር፣ የቦረናዋ ደማቅ ሻሽ በአንድ መንገድ ላይ ይተረማመሳል። በመስቀልና በኢድ ደግሞ ተራው የእኛ የነጋዴዎቹ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ሳያለብስ አይወጣም።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ልብስ የሚሰፋው፣ የሚያጠበውና የሚጠግነው አንድ ሰው ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ዘለቀ። ጎጃሜ ናቸው። በድሮው ጦር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ጓደኞቻቸው ወደየአገራቸው ሄዱ፤ እሳቸው ጠመንጃውን አስረክበው መርፌውን አስቀሩ። በአክብሮት አዴ ዳርሚ የምንላቸውን የቦረና ተወላጅ አግብተው ስለነበር፣ በዋናው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው እዚያው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም።

ታቦት የሚያልፈው በእሳቸው በር ፊት ነው፤ እኔም የምቆመው እዚያው። ፀባችንም የሚጀምረው እዚያው። ዘማሪዎቹ ተሰልፈው፣ ፀሐዩ ተስተካክሎልኝ፣ ትንፋሼን ውጬ ቁልፉን ልጫን ስል ሃምሳ አለቃ መርፌ ነክሰው ከተፍ ይላሉ። ያኔ አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ነው፤ ለሰው ጀርባ የሚባክን የለኝም። ገለል ይበሉልኝ እላለሁ። የልጅቷ ክር ተመዟል ይሉኛል። ክር በፎቶ አይታይም ብዬ ስከራከር፣ እግዜር ያየዋል ይላሉ። እንግዲህ ከእግዜር ጋር ማን ይሟገታል? ጎንበስ ብለው ሰፍተው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ይወጣሉ። እኔም እጫናለሁ። በየዓመቱ ያው ነበር።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና በየግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። አስፋልት አልጠላም፤ አቧራ ስበላ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የሃምሳ አለቃ ቤት ግን ከነበረንዳው መንገዱ ውስጥ ገባ። ከጥምቀት በኋላ ይፈርሳል ተባሉ።

በከተራ ዕለት ሃምሳ አለቃ ራሳቸው የሰፉትን ቡናማ ኮት ለብሰው፣ አዴ ዳርሚን አስከትለው መጡ። አካም፣ ናጋ ብለን በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን። "ዛሬ እስቲ እኔንም አንሳኝ፤ ከእሷ ጋር፣ ከቤቴ ፊት" አሉኝ።

ዝማሬው ተቃርቧል፤ ሰዉ እየገፋኝ ነው። ከበዓሉ በኋላ ተረጋግቼ አነሳዎታለሁ አልኩ።

"ከበዓሉ በኋላማ ቤቱ የለም።"

"እርስዎ አሉ አይደል?" አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያም ሳልነግራቸው ገለል አሉልኝ።

ቤቱ በሳምንቱ ፈረሰ። እነሱ ከከተማው ዳር፣ ወደ ወደራ በሚወስደው መውጫ በኩል አንዲት ክፍል ተከራዩ። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ወራት አለፉ፤ ሰነፍ ሰው ነገ ምን ጊዜም የራሱ ይመስለዋል። ሃምሳ አለቃ ሦስት ቀን ብቻ ታመው ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ አዴ ዳርሚ ስቱዲዮዬ መጡ። አልተቀመጡም። "ሃያ ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ቆመህ ፎቶ አንስተሃል" አሉኝ። "አንድ ዘለቀን ስጠኝ። እህቱ ጎጃም ለቅሶ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት አላየችውም። ምን ይዛ ታልቅስ?"

መታወቂያቸውስ አልኩ። አውጥተው አሳዩኝ። የደረት ኪስ ላብ ፎቶውን በልቶት አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቷል።

ሁለት ቀን ስቱዲዮዬን ዘግቼ ያለኝን ሁሉ አገላበጥኩ። ካህናት አሉ፣ ጃንጥላ አለ፣ ዛሬ ራሳቸው ልጅ የወለዱ ሕፃናት አሉ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሃምሳ አለቃ ስፌት አለ፤ ሃምሳ አለቃ የሉም። እንዴት ያለሁ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነኝ! በመጨረሻ አንድ ቸኩዬ የተጫንኩት ተገኘ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ቆማለች፤ ከጎኗ አንድ እጅ ገብቶ የቀሚሷን ጠርዝ ይዟል። በጣቶቹ መሀል መርፌ አለ። ከክንዱ ወዲያ ምንም የለም።

አሳጥቤ አፍሬ ሰጠኋቸው። አዴ ዳርሚ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ብዙ ጊዜ አዩት። "እሱ ነው" አሉ። በሻሻቸው ጠቅልለው ሄዱ። ሌላ ቅጂ ወደ ጎጃም ላክን፤ እህትየዋ ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች ተባለ። ፊቱስ ብላ ጠይቃ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ለሚቀጥለው ጥምቀት የበዓሉ አስተባባሪዎች በአዲሱ አስፋልት ላይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር አሰቡና ፎቶ ምረጥ አሉኝ። የተሻሉ ፎቶዎች ነበሩኝ። ያንን መረጥኩ። ቤታቸው በነበረበት ቦታ እንዲሰቀልም ለመንኩ፤ እሺ አሉ። ቡሌ ሆራ ላለ አታሚ ተላከ። ለአዴ ዳርሚም ነገርኳቸው፤ በከተራ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው መጥተው ቆሙ።

ባነሩ ተዘረጋ። ልጅቷ ሦስት ሜትር ሆናለች፤ ቀሚሷ ጥጥ መስሏል። እጁ የለም።

አዴ ዳርሚ ወደ ባነሩ ቀርበው የቀሚሱን ጠርዝ በዓይናቸው ፈለጉ። እኔ ወደ ጥግ ሄጄ አታሚው ዘንድ ደወልኩ። ባነሩ አማረ ወይ ብሎ ቀደመኝ።

"ጠርዙ ላይ የሆነ ሰውዬ እጅ ገብቶብዎት ነበር፤ አይሳቀቁ፣ አጥፍቼልዎታለሁ" አለኝ። ለሌላው እንደሚያስከፍልበት፣ ለእኔ ግን ለሙያ ጓደኛው በነፃ እንደሆነም ጨመረ።

አመሰገንኩት።