ዝግባው ጣሳ ውስጥ ያሳደጋት ልጅ

ትናንት ከምሳ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ሳሎናቸው ውስጥ በጣሳ ካሳደጉት ዝግባ አጠገብ፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ ሕልም አዩ። የተኙት አኩርፈው ነበር። አንድያ ልጃቸው ምንትዋብ ጅማ ሥራ አግኝቼ ነገ እሄዳለሁ ብትላቸው፣ ብቻዬን ልትጥይኝ ነው ወይ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩባት።

በሕልማቸው ከኮንዶሚኒየሙ ሊወጡ ደረጃውን ቁልቁል ቢወርዱ ጣሪያው ላይ ደረሱ። ጣሪያው መንገድ ነበር። ዳር ዳሩን ጥዶች ቁጢጥ ብለው በጥቁር ፌስታል የተተከሉ ሰዎችን ይሸጣሉ። አንዱ ጥድ አንድ መላጣ ሰውዬ አንስቶ አሳያቸውና፣ ጥላ የሚወድ፣ ውኃ ካልበዛበት ብዙ የማያስቸግር ዘር መሆኑን ነገራቸው። ሰውዬው ከፌስታሉ ውስጥ ሆኖ እጅ ነሳቸው።

ልጄን አይታችኋል ወይ እያሉ ሲዞሩ ራሳቸውን የገዛ ሳሎናቸው ውስጥ አገኙት። ሶፋው ላይ ዝግባው ቅርንጫፎቹን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጥጉ ላይ ደግሞ ምንትዋብ እስከ ጉልበቷ ጣሳ ውስጥ ተተክላ ቆማለች። ቁመቷ ኮርኒሱ ደርሶ አንገቷ ጎብጧል። ዝግባው ተነሥቶ ጉንጯን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገላት፤ ወደ አንድ ወገን እንዳታዘነብል ጣሳዋን ወደ መስኮቱ አዞረላት።

«ሥሯ እኮ ጣሳውን ሞልቶታል» አሉት ወይዘሮ አስካለ። «ደጅ ትከላት እንጂ።»

«እሱስ መቼ ጠፋኝ፣ እመቤቴ» አለ ዝግባው። «ግን እሷ ደጅ ከወጣች እኔ ከማን ጋር አወራለሁ?»

ወይዘሮ አስካለ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይምሱ ጀመር። አፈሩ እንደ ገላ ይሞቃል። ዝግባው አልከለከላቸውም፤ ብቻ ቅጠሉን ምንጣፉ ላይ ያረግፍ ነበር። እግሯ ሲለቀቅ ምንትዋብ አንገቷን አቃንታ በመስኮቱ ወጣች። ውጭ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ እሷም ከዝናቡ ጋር ከፍ ከፍ አለች። ወይዘሮ አስካለ ደረታቸው ቅልል አላቸው፤ በዚያው ነቁ።

ምንትዋብ ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን ወደ ቁም ሳጥኑ ትመልሳለች። ሂጂ ልጄ ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«አይዞሽ እማዬ» አለች ቀና ሳትል። «አሁን ደውዬ አልመጣም አልኳቸው። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።»